ከቡባኔሽዋር እስከ ኮራፑት፦ በምሥራቅ ህንድ የረጅም መንገድ ጉዞና የገጠር መንደር ቆይታ ዝርዝር መመሪያ

ኦዲሻ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ የምሥራቅ ህንድ ክፍለ ግዛት ናት። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦሪሳ ትባል ስለነበር በቆዩ ካርታዎች ላይ የሚያገኟት በዚያ ስም ነው። ዋና ከተማዋ ቡባኔሽዋር ለባሕሩ ቅርብ በሆነው ሜዳ ላይ ስትሆን፣ ኮራፑት ግን በስተደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ 870 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ መመሪያ ያንን መንገድ በመኪና ሄዶ፣ በኮራፑት ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ጥቂት ሌሊት አድሮ መመለስ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

በቡባኔሽዋርና በጎረቤቷ ክፍለ ግዛት በአንድራ ፕራዴሽ ባለችው በቪሻካፓትናም ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እኔም ከእነርሱ አንዱ በነበርኩበት ጊዜ ይህን መንገድ የለመድኩት በስህተት ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ርቀቱን በኪሎ ሜትር አስልቼ፣ 500 ኪሎ ሜትር በስምንት ሰዓት ያልቃል ብዬ ረፋድ ላይ ተነሣሁ። ያደርኩትም ተራራው ወገብ ላይ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና አክስሉ ተሰብሮ መታጠፊያውን ስለዘጋው ከኋላው ከተሰለፉት መኪኖች ጋር እስኪነጋ ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ አንድ ነው፤ የዚህን አገር መንገድ የሚለካው የቀን ብርሃን እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ደንብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

አንደኛ፦ ወቅቱንና ሰዓቱን ይወስኑ

የዝናቡ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። በእነዚህ ወራት የተራራው መንገድ ይናዳል፣ ወደ መንደር የሚያስገቡት ጥርጊያዎችም ጭቃ ይሆናሉ። ጥቅምት መልካም ወር ቢመስልም የአውሎ ነፋስ ወር ነው፤ ፋይሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በጎፓልፑር በኩል የገባው በ2013፣ ሁድሁድ ቪሻካፓትናምን የመታው ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሁለቱም በኦክቶበር 12 ቀን ነበሩ። ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ ሜዳው ላይ ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ኅዳር መግቢያ ላይ መድረስ የቻለ ሰው ሌላም ነገር ያያል፤ የኮራፑት ኮረብታዎች በቢጫ አበባ ተሸፍነው ይጠብቁታል፤ ሲጠጉት አበባው ኑግ ነው። በሳይንስ ስሙ ጉይዞሺያ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ የቅባት እህል መነሻው ከእኛ ደጋ ሲሆን፣ ኦዲሻ ደግሞ በህንድ በብዛት ከሚያመርቱት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት።

ስለ ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ህንድ ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ አቆጣጠሩም ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር በአውቶቡስ ቲኬት ላይ ጠዋት 6 ተብሎ የተጻፈው የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ የተጠቀሱት ሰዓቶች በቦታው ሰዓት፣ ነገር ግን በእኛ አጠራር የተጻፉ ናቸው። በታኅሣሥ ወር ኮራፑት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ከለመድነው ቀደም ብሎ ይመሻል።

ሁለተኛ፦ ከከተማ ሳይወጡ መጠናቀቅ ያለባቸው ነገሮች

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ ግዴታው ነው። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚከተብ ሰው ሲደርስ ለቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። ኮራፑትና አካባቢው የወባ አገር በመሆኑ ስለ መከላከያ መድኃኒት አስቀድሞ ሐኪም ማማከር፣ አጎበርም መያዝ ይገባል። ደጋ ነው ተብሎ መዘናጋት አያስፈልግም።

የውጭ አገር ሰው የሚያሳድር ማንኛውም ማደሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ «ፎርም ሲ» በሚባል ቅጽ ለመንግሥት ማስመዝገብ አለበት። ትናንሽ ማደሪያዎች ይህን ሥራ ስለማይወዱት ክፍል እያላቸው «ሞልቷል» ይላሉ። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ስልክ ደውለው የውጭ አገር ፓስፖርት ይቀበሉ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ሲም ካርድም በከተማ ሳሉ ያውጡ፤ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።

ህንድ ውስጥ ሻይ ሻጩ እንኳ ገንዘብ የሚቀበለው በስልክ ነው። ሆኖም ይህ የክፍያ ዘዴ በአብዛኛው ከአገሪቱ የባንክ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ስለሆነና በገጠር ኔትወርክ ስለሚጠፋ፣ የ10፣ የ20፣ የ50 እና የ100 ሩፒ ኖቶችን በብዛት ይያዙ። 500 ሩፒ ይዘው ገበያ ቢገቡ ዝርዝር የሚሰጥዎ አያገኙም። ወፍራም ሹራብ ወይም ጋቢ አይርሱ፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የመንደር ቤት ደግሞ ማሞቂያው ምድጃው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ከገበያው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

በኮራፑት አገር የመንደር ሕይወት የሚሽከረከረው «ሃት» በሚባለው ሳምንታዊ ገበያ ዙሪያ ነው። የኩንዱሊ ሃት ዓርብ ይውላል፤ የኦኑኩዴሊ ሐሙስ፣ በራያጋዳ ወረዳ ያለው የቻቲኮና ደግሞ ረቡዕ ነው። የመንደሩ ሰው የሚያርሰውን፣ የሚሸጠውን፣ ዘመድ የሚጠይቅበትን ቀን በዚህ ያውቃል። እርስዎም ጉዞዎን ከዚሁ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ያቅዱ። ገበያው ዓርብ ከሆነ ረቡዕ ከቡባኔሽዋር ተነሥተው ሌሊቱን በመንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች በብራህማፑር ወይም በራያጋዳ ያድሩ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮራፑት ይግቡ፤ ዓርብ ገበያ ይውሉ፤ ከዚያም ከገበያተኛው ጋር ወደ መንደር ይሂዱ። በገበያ ቀን ባዶ መንደር መድረስ የብዙ እንግዶች ስህተት ነው፤ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ያገኙና «መንደሩ ዝም ያለ ነው» ብለው ይመለሳሉ።

አራተኛ፦ መኪና መከራየት ወይም አውቶቡስ መሳፈር

የሚከራዩት መኪና ታርጋው ቢጫ፣ ጽሑፉ ጥቁር መሆኑን ይመልከቱ። ነጭ ታርጋ ያለው የግል መኪና በመሆኑ ለኪራይ አይፈቀድም፤ ፖሊስ ካስቆመ የሚንገላታው ተሳፋሪው ጭምር ነው። ኪራዩ የሚሰላው በቀንና በኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በቀን የተወሰነ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ስላለ ቆመው ቢውሉም ይከፍላሉ። በዚህ ላይ የሹፌሩ የሌሊት አበል አለ። ከቪሻካፓትናም የሚነሡ ከሆነ ደግሞ መኪናው ከአንድራ ፕራዴሽ ወደ ኦዲሻ ለመሻገር ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ክፍያው የማን እንደሆነ ከመነሣትዎ በፊት ይስማሙ። ትርፍ ጎማውን ዓይንዎ አይቶት ይሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን ሹፌሩ የተራራውን መንገድ በቀን የነዳ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከመኪናው አዲስነት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ከቡባኔሽዋር የሚነሡት አብዛኞቹ ግን ሌሊቱን የሚጓዙ ናቸው። ተኝተው የሚሄዱበት አልጋ ያላቸው አሉ፤ ምቾታቸው አይካድም፤ ሆኖም ሹፌሩ ለሊቱን ሙሉ ጠመዝማዛውን ሲወጣ እርስዎ ምንም ሳያዩ ይደርሳሉ። ጊዜ ካለዎት መንገዱን ከፋፍለው በቀን አውቶቡሶች ይሂዱ። ከኮራፑት ወዲያ ወደ መንደር የሚወስዱት በጋራ የሚሳፈሩባቸው ጂፖችና ባለ ሦስት እግር ባጃጆች ናቸው፤ ባጃጅ የምንለው ስም ራሱ ከህንድ አምራቹ የመጣ ነው። ትኬት ሲቆርጡ ጄይፖርን ከጃይፑር ይለዩ፤ የመጀመሪያው ከኮራፑት 22 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ከተማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በራጃስታን ይገኛል።

አምስተኛ፦ መንገዱ ራሱ

ህንድ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ይህ ለሹፌር ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ለሻይ ወርዶ መንገድ የሚያቋርጥ ኢትዮጵያዊ እግረኛ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ ግራ ያይና ከቀኝ የሚመጣውን ሎሪ አያየውም። ከመኪና ሲወርዱ በግራ በር፣ ሲያቋርጡ በቅድሚያ ወደ ቀኝ አይተው ይሁን።

ከቡባኔሽዋር ጠዋት 12 ሰዓት ይነሡ። የመጀመሪያው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮልካታን ከቼናይ የሚያገናኘው 16 ቁጥር ብሔራዊ መንገድ ስለሆነ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ብራህማፑር ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል። በመካከሉ መንገዱ የቺሊካን ሐይቅ ይታከካል። ይህ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ ጨዋማ ሐይቅ በብርዱ ወራት ከሩቅ ሰሜን ለሚመጡ ወፎች መዋያ ነው። ባሉጋዎን ላይ ቆመው ቁርስ ይብሉ፤ ለጾመኛ ግን «ቬጅ» የሚለው ጽሑፍ ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ እንጂ ቅቤና ወተት የለበትም ማለት አይደለም። «ጊ» እና «ዳሂ» እንዳይገባበት፣ ማለትም ያለ ቅቤና ያለ እርጎ እንዲሆን፣ በስም ጠርተው ይንገሩ። ሩዝና «ዳልማ» የሚባለው ከምስርና ከአትክልት የሚሠራ ወጥ ለጾም ይስማማል፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በቅቤ ስለሚቁላላ ይጠይቁ።

ከብራህማፑር በኋላ መንገዱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ይጠባል። በዲጋፓሃንዲ በኩል አልፎ፣ ፍል ውሃ ያለበትን ታፕታፓኒን ይዞ መውጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ በአንድ ሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እሄዳለሁ ብለው አያስሉ። ምክንያቱ የአስፋልቱ መበላሸት ብቻ አይደለም። መንደር በመጣ ቁጥር ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ አለ፤ ከብትና ፍየል መንገዱን የራሳቸው አድርገውታል፤ በአጨዳ ወቅት ገበሬው ሩዙንና ዳጉሳውን አስፋልት ላይ ያሰጣል፤ ሹፌሩም እህሉን ላለመርገጥ የመንገዱን ግማሽ ይለቃል። የአገሩ ሹፌሮች ይህንን ያውቃሉ፤ የሚቸኩለው የከተማ ሰው ነው።

በተራራው ላይ ክላክስ ስድብ አይደለም። ከጭነት መኪናዎቹ ጀርባ «ሆርን ፕሊዝ» ተብሎ የሚጻፈው፣ ከኋላዬ መሆንህን አሳውቀኝ ለማለት ነው። በየመታጠፊያው ክላክስ ማድረግ፣ ለሚወጣ መኪና ቅድሚያ መስጠት፣ ቁልቁለት ላይም በፍሬን ፋንታ በከባድ ማርሽ መውረድ የተለመደው ሥርዓት ነው። ሹፌርዎ ይህን ካላደረገ በትህትና ይንገሩት። በሁለት ሰዓት አንዴም ሻይ ይጋብዙት፤ ሻዩ ጥቂት ሩፒ ነው፣ የሚገዛው ግን ንቁ ዓይን ነው።

መንገድ የሚዘጋበት ሌላም ምክንያት አለ። «ባንድ» የሚባለው አድማ ሲጠራ መንገዱ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘጋል፤ በዋዜማው ማደሪያው ባለቤትን ቢጠይቁት ያውቀዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ «ቻይታ ፓራብ» የተባለው በዓል ሲከበር ሴቶች በገመድ ወይም በእንጨት መንገዱን ዘግተው እየዘፈኑ ከአላፊው ጥቂት ገንዘብ ይጠይቃሉ። ይህ ዝርፊያ አይደለም፤ ከእኛ የቡሄ ጭፈራ ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ ነው። መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ 10 ወይም 20 ሩፒ መስጠት ነገሩን ይፈጽመዋል። የያዟቸው ትናንሽ ኖቶች እዚህም ያስፈልጋሉ።

ራያጋዳ ከብራህማፑር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ጠዋት ከቡባኔሽዋር የተነሣ ሰው አመሻሹ ላይ ይደርሳል። እዚያ ይደር። ኮራፑት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብትቀርም ይህ ክፍል ዋናው ጠመዝማዛ ነው። ከቪሻካፓትናም የሚመጣ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ በቪዚያናጋራምና በሳሉር አልፎ፣ የሱንኪን አቀበት ወጥቶ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በአንድ ቀን ይገባል። እርሱም ግን ሱንኪን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይለፍ።

ስድስተኛ፦ ገበያ መዋል

ሃት የሚደምቀው ረፋዱ ላይ ነው። ሻጮቹ ከየኮረብታው በእግራቸው ወርደው ዝንጅብል፣ እርድ፣ ዳጉሳ፣ ኑግ፣ ሸክላ ድስትና ዶሮ ይዘው ይቀመጣሉ። የቀድሞው መስፈሪያ «ማና» የተባለ የቆርቆሮ ዕቃ ሲሆን እኛ በጣሳ እንደምንሰፍረው ያለ ነው። ዳጉሳውን በእጅዎ ዘግነው ሲያዩት ከጎጃሙ አይለይም፤ እህሉ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ እንደሆነና ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግሮ ወደ ህንድ እንደገባ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። እዚያ ስሙ «ማንዲያ» ነው። «ይህ በእኛም አገር አለ» ማለት ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ጨዋታ ይከፍታል፤ እኔ ያደርኩበትን የመጀመሪያ ቤት ያገኘሁት በዚህ ነው።

ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ። በተለይ ቦንዳና ዶንግሪያ ኮንድ በመሳሰሉት፣ መንግሥት ልዩ ጥበቃ በሚያደርግላቸው ሕዝቦች አካባቢ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት የተከለከለ ነው። ሰዉም ምክንያት አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዶንግሪያ ኮንዶች የሚኖሩበት የኒያምጊሪ ተራራ ቦክሳይት፣ ማለትም የአሉሚኒየም ማዕድን፣ ይቆፈር አይቆፈር የሚለውን ለመንደር ሸንጎዎች ሲመልሰው፣ የተጠየቁት 12 መንደሮች በሙሉ እምቢ ብለዋል። ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚመጣ እንግዳ የኩባንያ ሰው ይሆን እንዴ ተብሎ ቢጠረጠር አይግረምዎ። እርስዎም በተራዎ ይታያሉ፤ ጸጉርዎን ሊነኩ፣ አብረዎት ፎቶ ሊነሡ የሚፈልጉ ይከቡዎታል። የእኔ ልማድ እነርሱ እንዲያነሡኝ መፍቀድ፣ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ካሜራዬን አለማውጣት ነበር።

ሰባተኛ፦ መንደር መግባትና ማደር

ከምሽቱ በፊት ይግቡ፤ በቀጥታም ወደሚያድሩበት ቤት አይሂዱ። አስቀድመው «ናይክ» የሚባለውን የመንደሩን አለቃ፣ ወይም የአካባቢው ምክር ቤት የተመረጠ መሪ የሆነውን «ሳርፓንች» ይጎብኙ። ከየት እንደመጡ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ፣ በማን ቤት እንደሚያርፉ ይናገሩ። በኮረብታው ሕዝብ ዘንድ ሰላምታው «ጁሃር» ነው፤ በሌላው ኦዲሻ «ናማስካር»። የሚጠሩትም በዝምድና ስም ነው፤ ከእርስዎ የሚበልጠውን ወንድ «ባይና»፣ እናትዎ የምትሆነዋን ሴት «ማውሲ» ይበሉ። ስም ለይቶ መጥራት ድፍረት ነው፤ እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ማለት ነው።

ጫማ ከደጃፍ ይወልቃል። ወደ ማብሰያው ጥግ ሳይጋበዙ አይጠጉ። መጸዳጃው የት እንደሆነ ሲገቡ ይጠይቁ፤ ሌሊት ማፈላለግ እባብ ባለበት አገር አይበጅም፤ ባትሪም ሁልጊዜ በእጅዎ ይሁን። የመታጠቢያው ኩሬ ወይም ወንዝ ለወንድና ለሴት የተለየ ዳርቻ ስላለው ልጅ አስከትለው ይሂዱ።

ምግቡ ሩዝ፣ አትክልትና የማንዲያ አጥሚት ነው። በሙቀት ጊዜ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ኮምጠጥ ያለው ሩዝ፣ «ፓካላ»፣ ይቀርባል፤ እርሾ የለመደ የኢትዮጵያዊ ምላስ በቶሎ ይወደዋል። በቀኝ እጅ መብላት ለእኛ ትምህርት አያስፈልገውም። ትምህርት የሚያስፈልገው ጉርሻ ነው። በመጀመሪያው ማዕድ ፍቅሬን ለመግለጽ ከሳህኔ ጠቅልዬ ለቤቱ አባወራ ስዘረጋ ቤቱ ጸጥ አለ። የአንዱ አፍ ወይም የሚበላበት እጅ የነካው ምግብ «አይንታ» ይባላል፣ ለሌላ ሰው መስጠቱም ነውር ነው። ሰውየው ደግ ስለነበር ስቆ አለፈው። እርስዎ ግን ከሳህንዎ ለማንም አያቅምሱ፤ የጋራ ጭልፋም በሚበሉበት እጅ አይንኩ። የውሃ ዕቃ ከሆነም ከንፈር ሳይነኩ ከላይ ወደ አፍ ማንቆርቆር ነው፤ ይህን ከመሄድዎ በፊት በቤትዎ ቢለማመዱ ልብስዎ አይረጥብም። ሲጠግቡ «ታው፣ ታው» ብለው እጅዎን ከሳህኑ በላይ ይዘርጉ። ስለ ክትፎና ስለ ጥሬ ሥጋ ወሬ አያንሡ፤ በብዙ ቤት የላም ሥጋ ስሙም አይነሣም።

አካባቢው ቡና ያበቅላል፤ ቤት ውስጥ የሚቀርብልዎ ግን ሻይ ነው። ጀበናና ቡና ይዞ የሄደ ኢትዮጵያዊ ከገንዘብ የተሻለ ስጦታ ይዟል። ለማደሪያው ክፍያ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት የሚያሳፍራቸው ቤቶች አሉና፣ ከገበያው ዘይት፣ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ገዝተው ሲገቡ ለእመቤቲቱ ያስረክቡ። የመኪናው ሹፌርም እንግዳ ስለሆነ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ማሰብ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ስምንተኛ፦ መመለስ

ከገበያ ማግስት ጂፕ በቀላሉ አይገኝምና የመመለሻውን ቀን ሲገቡ ከሹፌር ጋር ይቁረጡ። ጠዋት ጭጋግ ስለሚኖር ሲገልጥ አይተው ይነሡ፤ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳ ሲደርሱ ፍሬኑ እንዲበርድ ሩብ ሰዓት ይቁሙ። አደጋ ካጋጠመ አምቡላንስ በ108፣ ፖሊስ በ112 ይጠራል። ተቅማጥ ከያዘዎት በማንኛውም መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን «ኦ አር ኤስ» በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከተመለሱ በኋላ በሳምንታት፣ አልፎ አልፎም በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ፤ በዚያው ቀን ደም ይመርመሩ፣ ለሐኪሙም ኮራፑት አድሬ መጥቻለሁ ይበሉት።